የአሥራቱ ቁና

አባቴ ሲናዘዝ ተንታ ጉም ለብሳለች፤
በሽሎ ከሥር ሞልታ ድንጋይ ትገፋለች።
መሪጌታ ጥዑም ብዕሩን ቀርጾ፣
ሦስት ሽማግሌ ለምስክር ተቀምጦ፣
አባቴ ተናገረ፣ ቃሉን እየቆጠበ፣
ዕዳ እንደሚከፍል ሰው ሳንቲም እያሰበ፦

«የደጋው ርስቴ፣ ከጽዱ እስከ ጅረቱ፣
ለበኩሬ ለጓንጉል፣ ከነበረቱ ከነቤቱ።
የቆላው አሥራት፣ በሽሎ ዳር ያለው፣
ከአሥር ነዶ አንዱ፣ የላቀው ድርሻ ነው።
ይህን ያፈረሰ፣ ይህን የነጠቀ፣
ዘሩ እንደዛሬ ጉም ይትነን፤ አበቃ፤ አለቀ።»

አላለቀም። እኔ አለሁ፣ ከመዝጊያው ሥር ቆሜ፣
አሥራ አራት ዓመቴ፤ አንጓች ነው ስሜ።
ነፍስ አባቱ ሳሉ፤ ደግመው ሳሉ፤
«ለሴቲቱስ?» አሉ።
አባቴ ዓይኑን ከፈተ፣ ጣሪያውን አየና፣
«ለእሷማ» አለ፣ «ለእሷ… የአሥራቱን ቁና።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። መሪጌታ ጻፈ።

ቁናው አክርማ ነው፣ ከንፈሩ ሌጦ የለበሰ፣
በአያቴ ዘመን ተሰፍቶ ለእኛ የደረሰ፤
ከገበያ ቁና ጎን እኩል ይመስላል ለሚያየው፣
ሲሞላ ግን በሁለት እፍኝ ነው የሚበልጠው።
ስንቀበል በእሱ ነው፣ ነቅንቀን፣ ከምረን፤
ስናበድር ደግሞ ሌላ ቁና አለን።
ይህን ቤታችን ያውቃል፤ ማንም አይናገር።
ቆላም ያውቃል፤ እሱም አይናገር ነበር።

ጥር በገባ ቁጥር ላቀው ይመጣል፤
«እቴ፣ ቁናሽን አውሺኝ» ይላል፤
በቅሎው ላይ ጭኖት ገደሉን ይወርዳል።
በኋላ አዋጅ መጣ፤ አሥራት ቀረ ተባለ።
ላቀው የኑዛዜውን ግልባጭ ደረቱ ላይ አዋለ፤
«አዋጁ የአዲስ አበባ ነው፤ ቃሉ የአባቴ» አለ፤
ቁናዬን ጭኖ ወረደ።

ስልሳ አምስት ላይ ግን ሰማዩ ነደደ። ሙሄ ይመር ከደጁ
ተቀምጦ ገለባ ይቆጥራል በእጁ።
ላቀው ቁናውን ዘረጋ። ሙሄ ቀና ሳይል፣
«እከፍላለሁ ጌታዬ፤ አንተ አስላልኝ» ይላል፤
«የባዶ አሥረኛው እጅ ስንት ይሆናል?»
ላቀው ማታ ሲመለስ በቅሎው ቀሏት ነበር፤
ቁናውን ደጄ ላይ ጥሎ ሄደ፣ ምንም ሳይናገር።

ጓንጉልም በስልሳ ሰባት፣ በየካቲት፣ ራዲዮኑን ዘጋ፤
ከጽዱ እስከ ጅረቱ ሲሄድ ሲመለስ ነጋ።
ሁለቱም የሉም ዛሬ። የደጋው የለም፣ የቆላው።
ከዚያ ሁሉ ቃል የጸናው በእኔ የተቀለደው ነው፤
ቁናዬን አዋጅ አልጠራው፤ ማንስ ብሎ ይውረሰው?

አምና ኅዳር ሊያልቅ ሲል ዘምዘም መጣች ከቆላ፣
የሙሄ የልጅ ልጅ፣ አረንጓዴ ደብተር በሻሿ ጠቅልላ።
«እማማ አንጓች፣ አባቴ ሞተ። ከወንድሜ ጋር
መሬቱን ተካፈልን፣ በገመድ፤ ማሾው ብቻ ነው የሚቀር።
ቁና አውሺን።»
ምላሴ ከበደኝ። የአባቴ ሳል መጣብኝ፤
«ልጄ፣ ይሄ ቁና ይዋሻል። ሁለት እፍኝ ይሰርቃል።»
«አውቃለሁ» አለች፤ «ቆላ ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል።
ለሁለታችን እኩል ከዋሸ ይበቃናል።»

ይዛው ወረደች።

በሦስተኛው ቀን መለሰችው። የተዋሱት ዕቃ ባዶ አይመለስም፣
ከሥሩ ማሾ ነበር፤ በእጄ ሰፈርሁት፤ ብዙም አይደለም፤
ሁለት እፍኝ ነው። ልክ ሁለት። አልጎደለም፣ አልተረፈም።
ስጦታ ይሁን ስድብ እኔም አልጠየቅሁም።

የደሴው ልጄ በስልክ «ኑዛዜሽን ጻፊ» ይለኛል፤
ለማን ብዬ እጽፈዋለሁ? ቁናው ከግድግዳው ያየኛል።
ማሾውን ግን ለቀምሁት፣ ሌሊቱን፣ በመብራት፤
አንድም ጠጠር አላገኘሁበት።